ስለ ቢስክሌትና ስለ ተንቀሳቃሽ ሥዕል

ጸንቶ የሚቆም ነገር ሁሉ በብርቱ የታሰረ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ይህንም በባሕር ዳር ከተማ በአንድ ዲያቆንና በእናቱ መካከል የሆነው ያስረዳል።

እናቱ በሕመም ከአልጋ ከዋሉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ቅዳሴውን ተኝተው ይሰማሉ፤ የናፈቃቸው ግን ከደጃቸው ተነሥቶ በዘንባባዎቹ ሥር አልፎ በጣና ዳር ካለው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰው መንገድ ነው። ስለዚህ ልጃቸው የእጅ ስልኩን በቢስክሌቱ መሪ ላይ አጥብቆ አስሮ እየነዳ መንገዱን በሙሉ ቀርጾ አመጣላቸው። እናቱም ጥቂት እንዳዩ ፊታቸውን መልሰው «ልጄ፥ መንገዱ ማዕበል እንደ ያዛት ታንኳ ይናወጣል፤ ራሴን አዞረኝ» አሉት።

ዲያቆኑም አዝኖ ምክንያቱን መረመረ። መሪው ከመንኰራኵሩ ጋራ የተያያዘ ብረት ስለ ሆነ፥ ጎማው የነካውን ጠጠር ሁሉ ለስልኩ ያደርሳል። ደግሞም መሪው ሚዛን ለመጠበቅ ግራና ቀኝ ባለ ቍጥር ሥዕሉ አብሮ ይዞራል። በዛሬ ስልክ ውስጥ ጂሮስኮፕ የተባለ መናወጥን የሚለካ ረቂቅ መሣሪያ አለ፤ ስልኩም በዚያ ልክ ሥዕሉን ወደ ተቃራኒው ወገን እየገፋ ያስተካክላል። ዋጋው ግን የሥዕሉን ዳርቻ መቍረጥ ነው፤ መናወጡም ሲበዛ አይችለውም።

አሜሪካዊው ጋሬት ብራውን ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈትቶታል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1976 ዓ.ም. በወጣው «ባውንድ ፎር ግሎሪ» በተባለው ፊልም ቀረጻ መጀመሪያ ያገለገለው መሣሪያው፥ ካሜራውን ሰው በለበሰው ሰደርያ ላይ በተያያዘ ባለ ሞላ ክንድ ይይዛል። ሞላው እየለዘበ ስለሚሸከም የሰውየው እርምጃ ካሜራውን አያናውጠውም።

ዲያቆኑ ይህ መሣሪያ አልነበረውም፤ ነገር ግን ክርንና ጕልበት ነበረው። የእናቱን መቀነት ተውሶ ስልኩን በደረቱ ላይ አሰረ። በመጀመሪያው ሙከራ ደረቱ ወደ ፊት ስላዘነበለ የታየው የፊተኛው ጎማ ብቻ ሆነ፤ ስለዚህ ከስልኩ ግርጌ በስተኋላ የታጠፈ ጨርቅ አግብቶ የካሜራውን ዓይን ወደ ላይ አቀናው። ከዚያም ሁለት እጆቹን ከመሪው ሳይለይ፥ ክርኑን አጥፎ፥ ጕድጓድ ሲያገኝ ከኮርቻው ጥቂት ብድግ እያለ በቀስታ ነዳ። ከብረቱ የመጣውን መናወጥ ክንዱና ጕልበቱ ተቀበሉት፤ ከደረቱ ሲደርስም ደከመ። ለሌላው ዕረፍት ማድረስ የሚወድ ሰው የመንገዱን ጠጠር አስቀድሞ በራሱ አካል ይቀበላል።

በዚያ ቀን እናቱ መንገዱን እስከ ፍጻሜው አዩ። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በታየ ጊዜም ከትራሳቸው ቀና ብለው አማተቡ። ልጃቸው መቀነቱን ሊመልስላቸው ቢዘረጋ ግን አልተቀበሉትም፤ «ለሚመጣው በዓል ያስፈልግሃል፤ ከአንተው ዘንድ ይቆይ» አሉት።