«1» ብዬ የጻፍሁበት ረድፍ

በምዕራብ ጎጃም ባንድ የጤና ጽሕፈት ቤት የሰው ኃይል ዕቅድ ባለሙያ ነበርሁ። ገና በመሠራት ላይ ላለ ሆስፒታል የአምስት ዓመት የባለሙያ ፍላጎት ስተነብይ፣ በሰመመን ሰጪ ረድፍ «1» ጻፍሁ። በራጅ ባለሙያው ረድፍም «1»። የሕክምና መሣሪያ የሚጠግነውን የባዮሜዲካል ባለሙያ ረድፍ ባዶ ተውሁት። እንዲህ አድርግ ብሎ ያዘዘኝ የለም፤ የጻፍሁትም ፈርሜ የላክሁትም እኔ ነኝ። ጡረታ ወጥቼ አገሬ ፈረስ ቤት ከገባሁ ወዲህ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

ሒሳቡ ያኔ ቀላል መስሎኝ ነበር። ጤና ኬላ ለ5 ሺህ ሰው፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ለ25 ሺህ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እስከ 100 ሺህ ለሚደርስ ሕዝብ። ሕዝቡን ለተቋም አካፍላለሁ፤ ተቋሙን በባለሙያ ስታንዳርዱ አባዛለሁ፤ አለቀ። የሕዝቡ ቁጥር ራሱ በ1999ኙ ቆጠራ ላይ በየዓመቱ መቶኛ እየተጨመረበት የመጣ ነው። አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዳግም ሲራዘም እንኳ ቆም ብዬ አላሰብሁም። ወጣቱ ግን እንደ ፈረስ ቤት ካለው ደጋ እየወረደ ቡሬ ይገባል፤ በ2013 የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቋል። ከማሽን ጋር የሚውል ሰው ሲበዛ እጁ የሚሰበርና ራጅ የሚያስፈልገው ይበዛል። የእኔ መቶኛ ግን ፈረስ ቤትንም ቡሬንም እኩል ያሳድግ ነበር።

አንድ ባለሙያ በዓመት ስንት ሰዓት ሊሠራ እንደሚችል ማስላት ነበረብኝ። የመንግሥት ሠራተኛ በሳምንት 39 ሰዓት ይሠራል። ከ52ቱ ሳምንት የዓመት ፈቃዱና በዓላቱ 6 ያህሉን ሲወስዱ 46 ይቀራል፤ በዓመት 1,794 ሰዓት ማለት ነው። ምጥ ግን ሌሊት አይል፣ ፋሲካ አይል፤ ዓመቱ 8,760 ሰዓት አለው። አንድ ቦታ ቀን ከሌት ሰው እንዳይለየው 5 ባለሙያ ይፈልጋል። በጥሪና በትርፍ ሰዓት ቢሸፈን እንኳ ከ2 በታች አይሆንም። ሕመሙ፣ ሥልጠናው፣ ሐዘኑ፣ ዝውውሩ ገና አልተቆጠረም። ባንድ በሬ የሚያርስ እንደሌለ የማውቅ የገበሬ ልጅ ነኝ።

ሆስፒታሉ ሥራ ጀመረ። የተቀጠረው ሰመመን ሰጪ ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ቀን ሲሠራ ይውላል፣ ሌሊት ይጠራል። እናቱ ታመውበት ፈቃድ በወጣበት ሳምንት የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ሴት በቃሬዛ መጣች። ቀዶ ጥገና የሚሠራው ባለሙያ አለ፤ ክፍሉ ዝግጁ ነው፤ ሰመመን የሚሰጥ የለም። በአምቡላንስ ወደ ፍኖተ ሰላም ተላከች። እሷ ተረፈች፤ ሕፃኑ ሞተ። ጠረጴዛዬ ላይ የደረሰው ሪፖርት በምክንያቱ ቦታ «ባለሙያ ባለመኖሩ» ይላል። ለምን እንዳልኖረ በዚያ ቢሮ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ዝም አልሁ። በግምገማው ላይ የመንገዱ ርቀት ተነሣ፣ የአምቡላንስ ነዳጅ ተነሣ፤ እኔም ተነሥቼ ስለ መንገዱ ተናገርሁ። ከትንበያው ይልቅ ይህ የከፋ ነው፤ ያን ቀን እውነቱን ብናገር የቀጣዩ ዓመት መደብ ሊስተካከል ይችል ነበርና።

ሌላውም ባለሙያን በሕዝብ ብዛት ይቆጥር ነበር እያልሁ ራሴን ላጽናና ሞክሬያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ለ1,000 ሰው 2.28፣ በ2016 ደግሞ 4.45 ባለሙያ ብሎ ሲተምን የቆጠረው ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅን ብቻ ነው። በአገራችንም በ1995 የጤና ኤክስቴንሽን ተጀምሮ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት እየተባለ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሠለጠኑ፤ ትልቅ ሥራ ነው። ግምገማ ላይም የምንጠየቀው ስለ እነሱ፣ ስለ ሐኪምና ስለ ነርስ ነበር። ላብራቶሪው ስንት ሰው አለው ያለኝ የለም። ግን ያው የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ ጫና ሰው የሚተመንበትን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1998 አውጥቶ በ2010 አሻሽሎታል፤ ሥልጠናውንም ወስጄአለሁ። ላብራቶሪው በዓመት ስንት የወባ ስላይድ ያያል፣ አንዱ ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ ባለሙያው ስንት ሰዓት አለው፤ ይኸው ነው። መዝገቡ በየጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ነበር። ሄጄ መግለጥ ሰነፍሁ።

በነርስ ረድፍ ግን እጄ አልሰሰተም። ስታንዳርዱ ይፈቅዳል፣ ኮሌጁ ብዙ ነው፤ ትልቅ ቁጥር ጻፍሁ። ደመወዝ የሚከፍል በጀት ይኑር አይኑር አልጠየቅሁም። ዛሬ በሰፈሬ ወላጅ በግ ሸጦ ያስተማራቸው፣ በ2011 የተጀመረውን የሙያ ብቃት ምዘና ያለፉ ልጆች ሥራ አጥተው ተቀምጠዋል። አንዷ «ጋሼ፣ እርስዎ ዕቅድ ክፍል አልነበሩ? ምነው እኛን አበዛችሁን?» አለችኝ። ከእነሱ ጥቂቱን ወደ ሰመመን ወይም ወደ ራጅ መምራት ይቻል ነበር። ለዚያ ዓመታት ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ቀድሞ ማየት ደግሞ ደመወዝ የምበላበት ሥራዬ ነበር።

ዓምና በቦታዬ ያለው ወጣት መጥቶ አማከረኝ። ሰዓቱን አብረን አሰላንና ለሰመመን 5፣ ለራጅ 3 ጠየቀ። የተፈቀደለት 2 እና 1 ነው። የዚያችን ሴት ጉዳይ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም ጭምር ጽፌ፣ ከሚቀጥለው ጥያቄ ጋር እንዲያያይዘው ፈርሜ ሰጥቼዋለሁ።