በልክ ያልተሰፋው ቀሚስ



ይህን የምንጽፈው ሥራ ካጣን ዓመት ከአራት ወር ሲሆነን ነው። «እኛ» ስንል ባልና ሚስት ማለታችን ነው። ከሁለታችን አንዱ መጋቢ ነው፤ ሃምሳን ተሻግሯል፣ ከነገረ መለኮት ኮሌጅ ተመርቋል፣ እሑድ እሑድ ይሰብካል። እንጀራችን ግን ከመድረኩ አልነበረም። አጥቢያችን ትንሽ ናት፤ ደመወዝ ክፈሉን ብለን ጠይቀን አናውቅም። የምንተዳደረው ከአንድ የልማት ፕሮጀክት በምናገኘው ደመወዝ ነበር። ገንዘቡ ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበርና በጥር 2017 ሲቋረጥ ሥራውም አብሮ ተቋረጠ። የስንብት ደብዳቤው ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በብርቱ እምነት አሳለፍናቸው። አሁን ዞር ብለን ስናየው ግን ያ ብርታት ከእምነታችን ይልቅ በባንክ ከቀረችን ገንዘብ የመጣ ነበር። ገንዘቧ ስታልቅ ጸሎታችንም አጠረ። እሑድ ስለ እግዚአብሔር አቅርቦት ሰብኮ ሰኞ የታክሲ ብር ከጎረቤት መበደር ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል። ማታ ማታ አብረን መጸለይ ልማዳችን ነበር፤ በአምስተኛው ወር አንዳችን «ዛሬ ደክሞኛል» ሲል ሌላችን ደስ ይለው ጀመር። መጋቢ እንዲህ ያለ ነገር ይጽፋል ወይ የሚል ቢኖር፣ ሆኗልና እንጽፈዋለን።

የሚያስቡልን አልጠፉም። አንዲት የአጥቢያችን እናት በየወሩ ሽሮ በላስቲክ ቋጥረው ከበር ላይ አስቀምጠውልን ይሄዳሉ፤ ስሜን እንዳታነሡ ብለውናል። ሌላ ወንድም ደግሞ ሊጠይቀን መጥቶ፣ ቡናችንን እየጠጣ፣ «የተሰወረ ነገር ካለ ንስሐ ግቡ» አለን። የኢዮብ ወዳጆች እንኳ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በምድር ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። የእኛው እንግዳ ቶናው እስኪደርስ አልጠበቀም። ሌሎችም ሁለተኛ ተሰሎንቄ 3፥10ን ያነሡብናል። ጳውሎስ እዚያ የሚወቅሰው መሥራት የማይፈልገውን እንጂ ሥራ ያጣውን አይደለም፤ ይህን ለመረዳት ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም።

በእነዚያ ወራት ከአጠገባችን ያልራቀው ክፍል ማቴዎስ 20 ነው። አደባባይ ላይ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የቆሙት ሰዎች ለምን እንደቆሙ ሲጠየቁ የቀጠራቸው ሰው እንደሌለ ይናገራሉ። ባለ ወይኑም አይቆጣቸውም፤ ሰነፎች አይላቸውም፤ ወደ ሥራው ይሰዳቸዋል እንጂ። የአገራችን ሰዓት አቆጣጠር ከመጽሐፉ ጋር ስለሚገጥም አሥራ አንድ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም። ጥላ የረዘመበት፣ የቀን ሠራተኛው አካፋውን ተሸክሞ ባዶ እጄን ምን ብዬ ቤት እገባለሁ የሚልበት ሰዓት ነው።

ባዶ እጅ ለእኛ የከበደው መስከረም ሲጠባ ነበር።

ትውልዳችን ከሆሳዕና ወዲያ ነው። በእኛ አካባቢ መስቀል ሲደርስ በየከተማው የተበተነው ሁሉ ወደ አገር ቤት ይመለሳል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ደግሞ ሳይዝ አይገባም። ለእናት ጋቢ ወይም ቀሚስ፣ ለታላቅ ወንድም አንድ ነገር፣ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ዕቃ። ይህን ሃያ ምናምን ዓመት አጓድለን አናውቅም። ከዚህ በላይ ግን ሌላ ነገር ነበረብን። ሥራ ማጣታችንን ለእናታችን አልነገርናትም። ስትደውል «ሥራ እንዴት ነው?» ትለናለች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላታለን። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

ቤታችን ውስጥ አንዲት አሮጌ የእግር ሲንጀር አለች። ባለቤት ከአክስቷ የወረሰቻት ናት፤ ለዓመታት ጨርቅ ለብሳ ቴሌቪዥን ተሸክማ ኖራለች። ቴሌቪዥኑን አወረድን፣ ዘይት አጠጣናት፣ ቀበቶዋን ለወጥን። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ዘረገፍነው። ሁለት የሱፍ ልብስ፣ አንድ ወፍራም መጋረጃ፣ እጅጌው ያለቀ የአበሻ ቀሚስ ወጣ። ለእናታችን ቀሚስ የሚሆነውን አራት ሜትር ጨርቅ ብቻ ከመርካቶ ገዛን።

መጋቢው መጀመሪያ አፈረ፤ ለምን እንዳፈረ ለማወቅ ጊዜ ወሰደበት። እኛ አገር በእጁ የሚሠራ ሰው እንዴት ሲናቅ እንደኖረ ታውቃላችሁ፤ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን በስድብ እየጠራን ልብሳቸውን ለብሰን፣ በማረሻቸው አርሰን፣ በድስታቸው በልተናል። ወንጌል ገብቶልናል የምንል ሰዎችም ይህን ንቀት ከቤታችን ጨርሰን አላወጣነውም። ዘጸአት 28፥3 ላይ ግን እግዚአብሔር የጥበብን መንፈስ ሞላሁባቸው የሚላቸው ሰዎች ልብስ ሠሪዎች ናቸው፤ የአሮንን ልብስ የሚሠሩት። ነቢይ ወይም ዘማሪ አላላቸውም። ቋንቋችንም ይህን ያውቅ ነበር መሰል፣ በቀሚሱ ጠርዝ ላይ የሚሸመነውን ጌጥ ራሱን «ጥበብ» ብሎታል። ከአሮጌው ቀሚስ ያንን ጥበብ ቆርጠን ስናወጣ ይህን እያወራን ነበር።

ሥራው ግን እንደ ስብከቱ አማረልን ማለት አይደለም። ከሱፍ ልብሶቹ ሱሪ ለወንድማችን ልጆች አምስት የትከሻ ቦርሳ ወጣ፤ አንደኛው ማንገቻው ተጣሞ ተሰፋ። ከኮቱ ገበርና ኪስ ለወንድማችን የመጽሐፍ ቅዱስ ልባስ ሠራን፤ ዚፑን ሦስት ጊዜ ተርትረን ሰፋነው። ተጣልተናልም። «ቀጥ አድርገህ ቁረጥ አልኩህ» የሚለው ቃል በዚያ ሰሞን ከ«አሜን» ይበልጥ በቤታችን ተሰምቷል። መጋቢው በመጨረሻ ቅምቅማቱና መተርተሩ ብቻ ተተወለት። ይሁን እንጂ ሰው እየተረተረ ዝም ብሎ አይቀመጥም። መብራት በጠፋ አንድ ምሽት፣ ሻማ አብርተን ለየብቻችን ጨርቅ ይዘን ሳለን፣ ከሁለታችን አንዳችን ጀመረና ጸለይን። ስለ ሥራ አልነበረም። ቦርሳዎቹን ለሚሸከሙት ልጆች አንድ በአንድ በስማቸው ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ ስለ ሌላ ሰው የጸለይንበት ሌሊት ያ ነው።

አንድ ሐሳብ ግን መጋቢውን ያስጨንቀው ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፋው ነገር የበለስ ቅጠል ነው፤ የሰፋውም እፍረቱን ሊሸፍንበት ነው። እኛስ? ስጦታውን የምንሰፋው ለእናታችን ነው ወይስ እንዳታውቅብን? አልተነጋገርንበትም። መርፌው ይሄዳል፣ ጥያቄውም ይሄዳል።

የቀሚሱ ልክ ሌላ ችግር ሆነ። እናታችንን ካየናት ዓመት ሆኗል። ደውለን እንዳንጠይቃት ስጦታው ይገለጣል። ስለዚህ ከሁለታችን እናታችንን ብዙ ያቀፈው ክንዱን ዘርግቶ «ይህን ያህል» አለ፤ በሜትር ለካነው። ሐናን ሁላችንም የምናስታውሳት በእንባዋ ነው። አንደኛ ሳሙኤል 2፥19 ላይ ግን በየዓመቱ ለልጇ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት እንደነበር ተጽፏል። ልጁ ሴሎ፣ እርሷ አርማቴም፤ በዓመቱ ምን ያህል እንዳደገ ማን ነገራት? እርሷም እንደ እኛ በክንዷ ገምታ ሳይሆን አይቀርም።

በቡታጅራ በኩል፣ ዕቃውን በማዳበሪያ ጠቅልለን፣ ከቤተ ዘመድ በተበደርነው ገንዘብ ተሳፍረን ገባን። ልጆቹ ቦርሳዎቹን ተሻሙ፤ የተጣመመውን የወሰደችው ትንሿ ልጅ ልዩ የሆነው የእርሷ እንደሆነ ለሁሉም አስታወቀች። ወንድማችን መጽሐፍ ቅዱሱን ልባሱ ውስጥ ሲያስገባው ልክክ አለ፤ ዚፑን ግን አልነካውም፣ አይቶ የገባው ይመስለናል።

እናታችን ማታ ቀሚሱን ለበሰችው። ከትከሻዋ ወረደ። እጅጌው ጣቶቿን ዋጠ፣ ወገቡ ሁለት እርሷን ይይዛል። ክንዳችን የለካት የዱሮዋን እናት ነበር። በስልክ ድምፅዋ አልከሳም፤ እኛም በአንድ ዓመት ምን ያህል እንዳለቀች አላወቅንም ነበር። እርሷ ሳቀች፤ በቋንቋችን «ይህን የሰፋችሁት ለወፍራሟ ነው፣ እርሷ ሄዳለች» አለችን። ቆይታ የቀሚሱን ጠርዝ ወደ መብራቱ አስጠጋች፤ ቅምቅማቱን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ዳር እስከ ዳር ሄደች።

«በእጅ ነው» አለች።

«አዎ እማዬ።»

«ቦርሳዎቹም?»

«እነርሱም።»

«ሥራ ያለው ሰው ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከየት ያገኛል?»

ከሁለታችን ማንም አልመለሰም። ሲቆይ ግን ነገርናት፤ ከጥር ጀምሮ ያለውን፣ የተበደርነውን፣ በስልክ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያልን የሸሸግነውን። መጋቢው እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ከሁለታችን እርሱ ነው የሚያለቅሰው። እናታችን አልጸለየችልንም፣ ጥቅስም አልጠቀሰችም። ቀሚሱን ከላይዋ አውልቃ ገለበጠችው፤ በትከሻው በኩል በጣቷ ቆንጥጣ ያዘችና የሚጠበውን አሳየችን። ከዚያ ከትራስዋ ሥር የመርፌ ቋጠሮዋን አወጣች።

ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ማሳለፍ ግን ዓይኗ እንቢ አላት። እኛ አሳለፍንላት።