የተመራጩ ደመወዝና የኋላው ወንበር

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ያልሰማ ከመካከላችን የለም። ተረቱ ሹመትን እንደ ማዕድ ያያል፤ ማዕዱን ያቀረበው ሕዝብ ጠገበ ወይስ ተራበ ብሎ አይጠይቅም። ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን የተነሣው ክርክርም ከዚሁ የመነጨ ነው። የፖለቲካ ሰዎች ደመወዝ ከመራጮቻቸው ኑሮ ጋር ቢያያዝስ? ሕዝቡ ሲሻለው ይጨመርላቸው፣ ሲከፋው ይቀነስባቸው ያልን ብዙዎች ነን። ሐሳቡ ጆሮ ይስባል። ይሁንና እኛ ለመምህርነት የምንዘጋጅ ነንና፣ ደመወዝን በውጤት መክፈል ምን እንደሚያመጣ ከሌላው ቀድመን ልናስብበት ይገባል።

ለምን ቢባል፣ ነገሩ በእኛው ሙያ ላይ ተሞክሯል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1862 ሮበርት ሎው የተባለው ፖለቲከኛ ባወጣው ደንብ፣ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ገንዘብ በፈተና እንዲወሰን ተደረገ። ለአንድ ልጅ ከሚታሰበው 12 ሽልንግ 4ቱ ክፍል ስለ መገኘቱ፣ 8ቱ ደግሞ ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ስለ ማለፉ ነበር። የመምህሩም እንጀራ በዚሁ ላይ ተንጠለጠለ። ውጤቱስ? መምህሩ ኢንስፔክተሩ ለሚመጣበት ቀን ብቻ ማስተማር ያዘ። ልጆቹ የንባብ መጽሐፋቸውን ሸመደዱት። ታሪክና ጂኦግራፊ ወደ ዳር ተገፉ። ባለቅኔውና ኢንስፔክተሩ ማቲው አርኖልድ አሠራሩን አጥብቆ ነቀፈ፤ በ1890ዎቹም ቀረ።

ወደ ፖለቲከኞቹ እንለፍ። ሲንጋፖር ውስጥ ለሚኒስትሮች ከሚሰጠው ቦነስ አንዱ ቀድሞ የሚሰላው በአገሪቱ ጠቅላላ ምርት እድገት ብቻ ነበር። በ2011 ምርጫ የሚኒስትሮቹ ደመወዝ ብዙ ሕዝብ ስላስቆጣ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። በ2012 የጠቅላይ ሚኒስትሩ ደመወዝ በ36 በመቶ ተቀንሶ በዓመት 2.2 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ሆነ፤ ይህም ቢሆን ትንሽ ገንዘብ አይደለም! ቦነሱም በአራት ሚዛን እንዲለካ ተደረገ፤ በምርት እድገት፣ በሥራ አጡ ብዛት፣ መሐል ላይ ባለው ዜጋ ገቢ፣ በመጨረሻም ከታች ባሉት 20 በመቶ ዜጎች ገቢ። ግቡ ከተመታ የ3 ወር፣ ቢበዛ የ6 ወር ደመወዝ ያስገኛል።

እኛን የማረከን አራተኛው ሚዛን ነው። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ያየነው ነገር አለ። ፊት የተቀመጡት ሦስት ጎበዞች እጃቸውን ሲያወጡ ክፍሉ በሙሉ የገባው ይመስላል። ቁርስ ሳይቀምስ የመጣው ልጅ ግን ከኋላ ዝም ብሏል። በክፍሉ አማካይ ውጤት የሚከፈለው መምህር ወደዚያ ልጅ ለመሄድ ምን ያተጋዋል? ጠቅላላ ምርትም እንደዚሁ ነው፤ የፊተኛውን ወንበር ድምፅ ያሰማል፣ የኋለኛውን ዝምታ ይሸፍናል።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ዛሬ የተሠራ ትምህርት ቤት ፍሬው የሚታየው ከ15 ዓመት በኋላ ነው፤ ቦነሱ ግን በየዓመቱ ይሰላል። በ2020 ወረርሽኙ የሲንጋፖርን ኤኮኖሚ ሲጥለው ጥፋቱ የሚኒስትሮቹ አልነበረም፤ ደግ ዘመን ሲመጣም እንዲሁ ሙገሳው ሁሉ የእነሱ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ማርኩን የሚሰጠው ማን ነው? እዚያው ሲንጋፖር የሥራ አጡን ቁጥር የሚያወጣው የመንግሥቱ የሰው ኃይል ሚኒስቴር ነው። ቆጣሪው የተከፋዩ የበታች ሲሆን፣ ቁጥሩ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ሕዝብ ሊጠራጠር ይችላል። ተፈታኝ የራሱን ወረቀት አያርምም።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። የተመራጩ ደመወዝ በሙሉ ሳይሆን ከፊሉ ከሕዝቡ ኑሮ ጋር ይያያዝ። ሚዛኑ ከአንድ በላይ ይሁን፣ ከታች ያለውንም ሰው ይመዝን። ቆጣሪው ከተከፋዩ እጅ የወጣ ይሁን። ነገ ደግሞ የእኛ የመምህራኑ ደመወዝ በተማሪ ውጤት ይሁን የሚል ቢመጣ፣ እነዚህኑ ጥያቄዎች ለራሳችን አንስተን እንከራከር፤ ለሌላው የጠየቅነውን ሚዛን ለራሳችን አንፍራው። አይደለም የሚል ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ ግድግዳው ሰፊ ነው።