ሙሴ ጸሊምና የካትዌ ልጆች

ባለፈው ዓመት ሰኔ ውስጥ አንዲት እናት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ቢሮዬ ገቡ። ልጁ ክሎክ ታወር አካባቢ ስልክና ቦርሳ ከሚነጥቁ ልጆች ጋር ሁለት ዓመት ያህል ውሏል፤ አንድ ጊዜም ታስሮ ተፈትቷል። ይህን ሁሉ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። "አስቤበት እደውልልዎታለሁ" ብዬ ሸኘኋቸው። እውነቱን ለመናገር፣ የመደወል ሐሳብ አልነበረኝም።

በዚያው ሰሞን ሰኔ 24 ደረሰ፤ የሙሴ ጸሊም በዓል ነው። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። (ሙስሊም ወላጆቻችን ይታገሡኝ።) ሙሴ በአራተኛው መቶ ዓመት ግብጽ ውስጥ የሽፍቶች አለቃ ነበር። የአስቄጥስ መነኮሳት ግን ተቀበሉት፤ በኋላም ካህን ሆነ። አንድ ቀን ባጠፋ ወንድም ላይ ሊፈርዱ መነኮሳቱ ሲሰበሰቡ፣ ሙሴ ቀዳዳ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ቢሉት፣ የእኔ ኃጢአት ከኋላዬ እየፈሰሰ ሳላየው፣ በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በልጅነቱ እናቱን ያጣው ሮበርት ካቴንዴ፣ በ2004 እዚሁ ካትዌ ከአንድ ክርስቲያናዊ የስፖርት ድርጅት ጋር ሆኖ ልጆችን ቼዝ ማስተማር ጀመረ። ገንፎም ያበላቸው ነበር። ፊዮና ሙቴሲ ወንድሟን ተከትላ የመጣችው ርቧት ነው። የካቴንዴ ልጆች ነጣቂዎች አልነበሩም፤ ግን ነጣቂዎቹም እንደዚያው የራባቸው ልጆች ነበሩ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ደግሞ አባ ግሪጎሪ ቦይል የሚባሉ የጀስዊት ካህን፣ በ1988 ለወሮበላ ቡድን አባላት ሥራ መፈለግ ጀመሩ። በ1992 ዳቦ ቤት ከፈቱ። ሲገዳደሉ የኖሩ የጠላት ቡድን ልጆች እዚያ ጎን ለጎን ሊጥ ያቦካሉ። እኔን የያዘኝ ይህ ሊጥ ነው። አባ ቦይል ምክርም አላነሳቸውም፤ ግን ልጆቹ ጠዋት ተነሥተው የሚሄዱበት ቦታ እንደሚያስፈልጋቸው ገብቷቸው ነበር።

ለእናትየው ደወልኩ። ልጁ ከሰዓት በፊት እኛ ዘንድ እንዲማር፣ ከሰዓት በኋላ ከካትዌ ብረት ሠሪዎች አንዱ ዘንድ ብየዳ እንዲለማመድ ተስማማን። አንድ አባት ሁለት ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤታችን አስወጡ። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም ወላጅ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁትና ልጁም እናቱም ስለፈቀዱልኝ እጽፈዋለሁ። ጥቅምት ላይ የአንዲት መምህርት ስልክ ጠፋ። የወሰደው እሱ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ይዞት መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ቆመ። እኔም ዝም አልኩ። ምን እንደምል አላወቅኩም ነበር።

መምህራኑ ተሰበሰቡ። ግማሾቹ ይባረር አሉ፤ ምክንያታቸውም ቀላል አልነበረም፤ ሌሎቹን ልጆች የመጠበቅ አደራ አለብን። እኔ ያን አሸዋ እያሰብኩ ነበር፣ ግን አልተናገርኩትም። የተናገሩት ስልካቸው የጠፋባቸው መምህርት ናቸው። "መልሶታል እኮ። ብናባርረው ሌላ ጊዜ የሚመልስ ይመስላችኋል?" አሉ።

ልጁ ቀረ። ለአንድ ወሰነ ትምህርት በየሳምንቱ ዓርብ ከእኔ ጋር ተቀምጦ ሊያወራ ተስማማ፤ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። በእረፍቱ ጊዜ የተሰበሩ ዴስኮቻችንን በየደልን። ሒሳብ አልጠየቀንም፤ እኛ ግን ከፈልነው።