«ለ20 ሰው ላክ» ሲባል «ከማን ሰማኸው?» እንበል



ጁምዓ ጠዋት ስልካችንን ስንከፍት ምን እንደሚጠብቀን ሁላችንም እናውቃለን። ጽጌረዳ፣ የካዕባ ፎቶ፣ የሚያብለጨልጭ ጽሑፍ፤ ከሥሩ ደግሞ ትእዛዝ አለ። ይህን ለ20 ሰው ላክ፣ እስከ ማታ የምሥራች ትሰማለህ። ችላ ያለው ግን ንግዱ ከሰረ፣ ልጁ ታመመበት። ላኪው እንግዳ ሰው አይደለም። አክስታችን ናት፣ አብሮን ኪታብ የቀራ ጓደኛችን ነው፣ ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ናት። ያው አንዱ መልእክት በአምስት ሰው እጅ አልፎ አምስት ጊዜ ይደርሰናል።

እኛ በመስጂዳችን ኢማሙን የምናግዝ ልጆች የጀመዓውን የቴሌግራም ግሩፕም ስለምንጠብቅ፣ ይህን ነገር ከማንም በላይ በጅምላ እናየዋለን። ዛሬ ስለሱ ትንሽ እናውራ።

ፈረንጆቹ ያልጠየቅኸውን፣ ለብዙ ሰው በጅምላ የሚላከውን መልእክት «ስፓም» ይሉታል። የስሙን አመጣጥ ስትሰሙ ሳትስቁ አትቀሩም። ስፓም እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚመረት የታሸገ የአሳማ ሥጋ ነው። በ1970 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየ አንድ አጭር የቀልድ ድራማ አለ። ሰዎች ምግብ ቤት ገብተው ያለውን ሲጠይቁ ዝርዝሩ ሁሉ ስፓም ይሆንባቸዋል፤ ቃሉ እየተደጋገመ ሌላው ወሬ ሁሉ ይዋጣል። የኮምፒዩተር ሰዎች ስሙን የወሰዱት ከዚያ ነው። የመጀመሪያው ስፓም የሚባለው ደግሞ በ1978 አንድ የኮምፒዩተር ኩባንያ ሠራተኛ ለ400 ያህል ሰዎች በአንድ ጊዜ የላከው ማስታወቂያ ነው። እንግዲህ በካዕባ ፎቶ ተጠቅልሎ ጁምዓ ጠዋት የሚመጣልን ነገር ዓለም የሚጠራው በአሳማ ሥጋ ስም ነው፤ ሱብሃነላህ።

ሻጩንና አጭበርባሪውን ቶሎ እንለፈው፤ ብዙ ወሬ አያስፈልገውም። ሌሊት ግሩፕ ውስጥ ገብቶ «በቀን 3,000 ብር ቤትህ ቁጭ ብለህ» የሚለው፣ በማታውቃት ሴት ፎቶ ሰላም የሚልህ፣ የምስጢር ቁጥርህን የሚጠይቅህ፤ መልስ አትስጠው፣ ሊንኩን አትንካ፣ ሪፖርት አድርገህ ብሎክ አድርገው። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ወደ ግሩፕ ሊጨምሩህ የሚችሉት የምታውቃቸው ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ ማድረግ ትችላለህ፤ ዋትስአፕም ተመሳሳይ አለው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በነገራችን ላይ የአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ፣ ቁጥር 958/2008፣ ለማስታወቂያ ወይም ለሽያጭ ተብሎ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ በኢሜይልና በመሰል አድራሻ የሚሰራጭን መልእክት በአንቀጽ 15 ወንጀል አድርጎታል። ለሻጩ ሕግ አለ፣ የብሎክ ቁልፍም አለ።

አክስትህን ግን ብሎክ አታደርጋትም። ከባዱ እሱ ነው።

በደረሳነት ዘመናችን ስማርት ስልክ በእጃችን አልነበረም። ያኔም ግን ይህ ነገር ነበር፤ ፎቶኮፒ ሆኖ፣ ዳር ዳሩ ጠቁሮ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ይታደል ነበር። የመዲናው የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ አገልጋይ ሸይኽ አሕመድ የተባሉ ሰው በሕልማቸው ነቢዩን አይተው የተቀበሉት ኑዛዜ ነው ይላል። ጽፎ ከአገር አገር የላከው ጀነት ውስጥ ቤተ መንግሥት ይሠራለታል፣ ድሃ ከሆነ ይከብራል፣ ዕዳ ካለበት ዕዳው ይከፈልለታል። ያልላከው ደግሞ በቂያማ ቀን ሸፈዓ ይከለከላል።

ይህ ወረቀት ስንት ዓመቱ ይመስላችኋል? በካይሮ ይታተም በነበረው አል-መናር መጽሔት ላይ ረሺድ ሪዳ ስለዚሁ ኑዛዜ ተጠይቀው የመለሱት በ1322 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ገደማ ነው። እሳቸውም ገና ፊደል ሲማሩ ጀምሮ ደጋግመው እንዳዩት ጽፈዋል። ሬዲዮ ሳይኖር፣ ስልክ በየቤቱ ሳይገባ፣ በእጅ እየተገለበጠ ዞሯል። ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ሸይኽ ዐብዱልዐዚዝ ኢብኑ ባዝ (ረሒመሁላህ) ውሸትነቱን የሚያስረዳ ለብቻው አንድ ጽሑፍ አዘጋጁለት። የሸይኽ አሕመድን ዘመዶች ሳይቀር ጠይቀዋል፤ ሸይኹ እንዲህ ያለ ነገር ተናግረው እንደማያውቁና ከሞቱም እንደቆዩ ነው መልሱ የመጣው። ኢብኑ ባዝ ያነሡት አንድ ነጥብ ለኛ ከሁሉም በላይ ይገባናል። ቁርኣንን እንኳ ጽፎ ከአገር አገር የላከ ሰው እንዲህ ያለ ዋስትና አልተሰጠውም፤ ታዲያ ይህ ወረቀት ከአላህ ቃል ሊበልጥ ነው?

ወረቀቱ ግን አልሞተም። ዛሬ ቴሌግራም ላይ አለ። ስሙ ቢቀየር፣ ቁጥሩ 20 የነበረው 12 ቢሆን፣ አጥንቱ ያው ነው፤ ተስፋ፣ ማስፈራሪያ፣ ቁጥር። የረመዷንን መግባት መጀመሪያ ያበሰረ ከእሳት ነፃ ይሆናል የሚለው መሠረት የሌለው ወሬም ከዚሁ ቤት ነው፤ ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ «ሐዲስ» ብለው ያስተላልፉታል።

እዚህ ላይ ኪታብ የቀራን ልጆች ልንናገረው የሚገባ ነገር አለ። ሰው በመልካም ኒያ መዋሸት የጀመረው ስልክ ከመጣ በኋላ አይደለም። የመርው ከተማ ቃዲ የነበረው ኑሕ ኢብኑ አቢ መርየም የእያንዳንዱን ሱራ ምንዳ የሚዘረዝር ሐዲስ ያወራ ነበር። ከየት አገኘኸው ቢባል፣ ሰዉ ከቁርኣን ርቆ በአቡ ሐኒፋ ፊቅህና በኢብኑ ኢስሐቅ የዘመቻ ታሪክ ተጠምዶ ስላየሁ ለአጅር ብዬ ፈጠርሁት ማለቱ በሐዲስ ምሁራን ኪታቦች ሰፍሯል። ሰውዬው ብዙ ዕውቀት በመሰብሰቡ «አል-ጃሚዕ»፣ ሰብሳቢው፣ ይባል ነበር። አንድ ምሁር ታዲያ ሁሉን ሰብስቧል፣ እውነት ብቻ ቀርቶታል አሉ። ምሁራኖቻችን «ለበጎ ነው» የሚለውን አልተቀበሉትም። ያደረጉት ነገር ቀላል ይመስላል፤ እያንዳንዱን ሰው «ከማን ሰማኸው?» ብለው ጠየቁት። እሱስ ከማን ሰማ? ያስ ከማን? ኢስናድ ማለት ይኸው ነው።

የተላለፈ መልእክት ይህንን ነው የሚያጠፋው። ስልኩ የሚያሳይህ «ፎርዋርድድ» የሚል ቃል ወይም ሁለት ቀስት ነው። ሁለቱ ቀስት ብዙ ጊዜ የተላለፈ ነው ማለት ነው እንጂ ታማኝ ነው ማለት አይደለም። በሐዲስ ቋንቋ ብንናገር ይህ ሰንሰለት ከላይ እስከ ታች መጅሁል ነው፣ ማንነቱ የማይታወቅ። ዋትስአፕ እንኳ ጉዳቱ ሲበዛበት እ.ኤ.አ. በ2019 አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ቦታ በላይ ማስተላለፍን ከለከለ፤ በ2020 ደግሞ በጣም የተላለፈውን ወደ አንድ ቦታ ብቻ አደረገው። ለኛ ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ለውሸታምነት ይኸው እንደሚበቃው አስተምረውናል። ኢማሙ ሙስሊም በሶሒሓቸው መግቢያ ላይ አስፍረውታል።

አንድ የታወቀ ታሪክም አለ። አሕመድ ኢብኑ ሐንበልና የሕያ ኢብኑ መዒን በባግዳድ ሩሳፋ መስጂድ ሰግደው ሳለ አንድ ተራኪ ተነሥቶ፣ አሕመድና የሕያ ነገሩኝ እያለ ስለ ወርቅ ምንቃር ወፍ ረጅም ሐዲስ ሲያወራ ሰሙት። ጠርተው ስለ ራሳቸው ቢጠይቁት፣ በዓለም ላይ ከእናንተ ሌላ አሕመድና የሕያ የሌለ መሰላችሁ? አላቸው ይባላል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ዳዕዋ ላይም ብዙ ጊዜ ይነገራል። ነገር ግን ዘሀቢ ታሪኩን ያስተላለፈውን ሰው አላውቀውም፣ ይህን ራሱ ፈጥሮት ሊሆን ይችላል ብለዋል። አያችሁ? ስለ ውሸታም የሚያስተምረን ታሪክ ራሱ «ከማን?» ተብሎ ተፈትሿል። ይህን ያህል ጥንቁቅ የነበረ ኡማ ነው ዛሬ ጽጌረዳ ያለበትን ሁሉ የሚያስተላልፈው።

«ምን ጉዳት አለው? ሰላምታና ዱዓ ነው» የሚሉን ብዙ ናቸው። አንድ ትልቅ ሰውማ ግሩፑ ላይ እንዳይለጠፍ ስንከለክል «ዚክር ከለከላችሁ» ብለው ተቆጥተውናል። ለሳቸው የነገርናቸውን እዚህም እንንገራችሁ። ባለፈው ረመዷን አንድ የሰፈራችን ወንድም ሚስቱ ወልዳ ደም ፈሰሳት። የሚያስፈልጋት ኦ ኔጌቲቭ ነበር፣ በቀላሉ የማይገኝ። ባልየው ከሆስፒታሉ ኮሪደር ሆኖ ግሩፓችን ላይ ጻፈ። ከኢፍጣር በኋላ ነው፤ በዚያች ሰዓት ብቻ ከመቶ በላይ የተላለፈ መልእክት ገብቶ ነበር፣ የሱ ጽሑፍ መሐል ላይ ጠፋ። ያ የደም ዓይነት ያለው ወጣት ከሆስፒታሉ አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ይኖራል። መልእክቱን ያየው ለሱሁር ሲነሣ ነው። «ግሩፑን ሙት አድርጌዋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ይጮህብኛል» አለን። ማን ይፈርድበታል? አልሐምዱሊላህ ደሙ በሌላ መንገድ ተገኘ፣ እናትየውም ሕፃኑም ደህና ናቸው። ባልየው ግን ከግሩፑ ወጣ። ስንጠይቀው «ባዶ ቤት ውስጥ የጮህኩ ነው የመሰለኝ» አለ።

የሰደቃ ጥሪም እንደዚሁ ነው። የአንድ የታመመ ሕፃን ፎቶ በሦስት የተለያየ ስምና በሦስት የሒሳብ ቁጥር ሲዞር ያየ ሰው፣ በአራተኛው ቀን የጎረቤቱን እውነተኛ ችግር ሲሰማም ይጠራጠራል።

ከዚያ ወዲህ አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ የሚወጣበት፣ እኛ ብቻ የምንጽፍበት ሌላ ቻናል ከፍተናል፤ ሙት እንዳታደርጉት ብለን ለምነናል። እርዳታ የሚጠይቅ ሰው ካለ ከመለጠፉ በፊት ከመካከላችን አንዱ ቤቱ ሄዶ ያየዋል። ሰንሰለት መልእክት የለጠፈን ሰው ደግሞ ጽሑፉን አጥፍተን በግል «ከማን ደረሰህ?» ብለን እንጠይቀዋለን። ስድብ የለም። ብዙዎቹ እስካሁን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፤ ትንሽ ቆም ብለው «እኔም እንጃ፣ መጣልኝ» ይላሉ።

ወጣቶች ሆይ፣ በዚህ ላይ እናንተን የምንወቅስበት አንድ ነገር አለ። አራት መቶ ሰው በሚያይበት አክስቱን «ቢድዓ ነው! ኢማንሽ የት አለ!» እያለ የሚመልስ ልጅ አለ። እኛ ከመልእክቱ ይልቅ ይህ መልስ ያሳፍረናል። እሷ የላከችልህ ስለምትወድህና ስለፈራች ነው። ሁለት መስመር በግል ጻፍላት፣ ደግሞ ደውልላት። ስልክ የተደወለላት አክስት ጽጌረዳ መላክ ትቀንሳለች፤ ይህን አይተነዋል።

ስለ ፍርሃቱ ካነሣን አይቀር፣ ባለፈው ሳምንት ከመግሪብ በኋላ አንዲት እናት መስጂዱ በር ላይ ጠበቁን። ማንበብ አይችሉም። ሪያድ ያለችው ልጃቸው የላከችላቸውን አንብቡልኝ አሉ። ያው ነው፤ ለ20 ሰው፣ ካልሆነ ልጅሽ ላይ መከራ ይደርሳል። ለካ በየሳምንቱ የጎረቤት ልጅ እየለመኑ፣ ካርድ እየሞሉ ያስልኩት ነበር።

«ካላክሁት ልጄ ላይ ምንም አይደርስም?» አሉ።

«ጉዳትና ጥቅም በአላህ እጅ ነው እማ፣ በስልክ አይደለም። ምንም አይደርስም።»

«ወላሂ በሉ።»

«ወላሂ።»

ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ እሷ ስትጠብቅ ምን ልላክላት?» ብለው ጠየቁን። ድምፅ መቅጃውን ከፍተን ስልኩን ሰጠናቸው፤ ዱዓ አድርጉላት አልን። ስልኩን ገልብጠው ይዘው አራት ደቂቃ ተናገሩ። ዱዓው መሐል ላይ እንቅልፍ ታገኚያለሽ ወይ፣ እግርሽን ተሻለሽ ወይ፣ ሰዎቹ ያበሉሻል ወይ እያሉ ጠየቋት። ኢሻ አዛን ሲል ገና አልጨረሱም ነበር።