ቀጠሮ የሌለበት ፍርድ

በአዲስ አበባ ከመርካቶ ዙሪያ ባሉት መንደሮች የሚመላለስ ሰው፥ በቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ወጣቶች በአግዳሚ ወንበር ተደርድረው ዓይናቸውን በቴሌቪዥን ላይ ተክለው ያገኛቸዋል። ይህችም ፕሌይስቴሽን ቤት ትባላለች። መሣሪያውን ሶኒ የተባለው ኩባንያ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1994 በጃፓን አገር ለገበያ አወጣው፤ ወጣቶቻችንም በእርሱ አብልጠው የሚወዱት የእግር ኳሱን ጨዋታ ነው።

እኛም ሥራችን የፍርድ ቤት መዝገብ መያዝ ነውና፥ የሚወዱበትን ምክንያት ለመመርመር ገብተን ተቀመጥን። የነጋዴ ልጅና ሊስትሮ ጐን ለጐን ሆነው ይጋጠማሉ፤ በአባቱ ስም የሚከበር የለም፤ ነገሩም በቀጠሮ ሳይጓተት በጥቂት ደቂቃ ይቈረጣል። የተረታው ጆይስቲኩን ለባለተራ ያስረክባል፤ ነገር ግን ተራው በተመለሰ ጊዜ የቀድሞው ሽንፈት ሳይቈጠርበት ከባዶ ለባዶ ይጀምራል። ከዚያች ክፍል ውጭ እንዲህ ያለ ዕድል ለብዙዎቹ በቀላሉ አይገኝም።

እርግጥ የትምህርት ሰዓቱንና የምሳ ገንዘቡን በዚያ የሚጨርስ ልጅ አለ፤ ወላጅም ሊቈጣጠረው ይገባል። ነገር ግን ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁን ከመከልከላችሁ በፊት አንድ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። በጨዋታው ያገኘውን ትክክለኛ ፍርድ በቤቱ ያጣ እንደ ሆነ፥ ብትከለክሉትም ተመልሶ ይሄዳልና።