በፖቶማክ ዳር የቆሙት የጃፓን ዛፎች

አንድ ሕዝብ በባዕድ አገር መልካም ስም ለማግኘት ሲሻ ዜማውን፥ ልብሱንና ማዕዱን ይዞ ወደ አደባባይ ይወጣል። ይህ ልማድ በዘመናችን በየአገሩ በዝቷል። ነገር ግን በዓል የአንድን አገር ስም በእውነት ሊያቀና ይችላልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ስፍራ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሺንግተን ይገኛል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በፖቶማክ ወንዝ አጠገብ ያለውን፥ ታይዳል ቤዚን የሚባለውን ሰው ሠራሽ ሐይቅ በመጋቢት መጨረሻ ስንዞረው፥ ዳርቻው በቼሪ አበባ ነጭ ለብሶ አየነው። አበባው ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም፤ ዛፎቹን ለማየት የሚጎርፈው ሕዝብ ግን እጅግ ብዙ ነው።

እነዚህ ዛፎች የጃፓን ስጦታ ናቸው። በ1910 ዓ.ም. ከቶኪዮ የተላኩት የመጀመሪያዎቹ 2,000 ዛፎች ተባይና የሥር ትል ስለ ተገኘባቸው፥ በፕሬዚዳንት ታፍት ፈቃድ ተቃጠሉ። ስጦታው በእሳት የተበላበት ሰው ቢቀየም ባልተፈረደበትም ነበር። ከንቲባው ዩኪዮ ኦዛኪና የቶኪዮ ከተማ ግን ጤናማ ችግኝ በጥንቃቄ አስመርጠው በ1912 ዓ.ም. 3,020 ዛፎች እንደገና ላኩ። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ወይዘሮ ሔለን ታፍትና የጃፓን አምባሳደር ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ ቺንዳ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዛፎች ተከሉ። በ1935 ዓ.ም. ደግሞ የከተማው ማኅበራት በዛፎቹ ስም ዓመታዊ በዓል አቋቋሙ።

ይሁን እንጂ አበባው ሁሉን አልፈወሰም። አሜሪካ በ1924 ዓ.ም. ጃፓናውያን እንዳይፈልሱባት በሕግ ከልክላ ነበር፤ ጃፓንም በ1937 ዓ.ም. በቻይና ላይ ሰፊ ጦርነት ከፈተች። በ1941 ዓ.ም. ጃፓን ፐርል ሃርበርን በደበደበች በጥቂት ቀን ውስጥ ከዛፎቹ አራቱ ተቆርጠው ተገኙ፤ በዓሉም ተቋረጠ። በ1942 ዓ.ም. አሜሪካ ከ100,000 የሚበልጡ የጃፓን ተወላጆችን ከቤታቸው አስነሥታ በአጥር ውስጥ ስታጉር፥ ዛፎቹ በስፍራቸው ቆመው ነበር። የአበባ ውበት የመንግሥታትን ሥራ ሊሸፍን አልቻለም ማለት ነው።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግን ያው ስጦታ ለዕርቅ ምክንያት ሆነ። በዓሉ በ1947 ዓ.ም. እንደገና ተጀመረ። በቶኪዮ በአራካዋ ወንዝ ዳር የነበሩት እናት ዛፎች በጦርነቱ ዘመን ተንከባካቢ አጥተው ተጎድተው ስለ ነበር፥ በ1952 ዓ.ም. ከዋሺንግተኖቹ ዛፎች ቅርንጫፍ እየተቆረጠ ወደ ጃፓን ተላከ፤ ሰጪውም ከተቀባዩ ተቀበለ። በ1954 ዓ.ም. ጃፓን በ1651 ዓ.ም. የተጠረበ የድንጋይ ፋኖስ ሰጠች፤ ይህም ፋኖስ በበዓሉ ወራት ይበራል።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባብያን፥ በዋሺንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው፤ እነርሱም በዓላቸውን በአደባባይ ያከብራሉ። ለልጆቻችን ነጭ ልብስ ከማልበሳችን አስቀድመን ትርጉሙን እናስተምራቸው፤ ለጎረቤት የምናቀርበው ነገር ነውር የሌለበት ይሁን፤ ቢነቀፍም ሳንቀየም አሻሽለን እናቅርብ። እንግዳው ከበዓሉ ማግስት በሥራ ቦታና በጉርብትና ያገኘናል፤ ስለ አገራችን የሚፈርደውም ያን ጊዜ ነው።